ሙሌት የሚለቀው በቦንዱ ነው ወይስ በአቀባባችን?

የመክፈቻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ በደብረ ብርሃን በአንድ የግል ክሊኒክ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የሞላኋቸው ጥርሶች፣ በተለይም ድድ አጠገብ በአንገታቸው የተቦረቦሩት፣ ከወትሮው በዝተው እየለቀቁ ተመልሰውብኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የወለቀውን ሙሌት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና አንዳች ቅሬታ ሳይናገሩ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ዝምታቸው ከወቀሳ በላይ ከበደኝ። በአጉሊ መነጽር ሳየው የሙሌቱ ጀርባ ልሙጥ ነበር። ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ የተቆረሰ ገጽ ይታይበት፣ በጥርሱም ላይ ቅሪት ይገኝ ነበር፤ ይህኛው ግን ከመጀመሪያውም አልያዘም ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የቦንዱን፣ ማለትም ሙሌቱን ከጥርሱ ጋር የሚያጣብቀውን ፈሳሽ፣ ጠርሙስ ነው። የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈበት ሌላ ዓይነት ቦንድ አስመጣሁ፤ ለውጥ ግን አላየሁም። ከዚያ በኋላ የራሴን እጅ መታዘብ ጀመርኩ። ጠዋት ክፍሉ ሳይሞቅ ከማቀዝቀዣ የወጣውን ቦንድ ወዲያው በማይክሮብራሽ (በትንሿ የመቀቢያ ብሩሽ) ነክሬ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ዳበስ አድርጌ፣ ለሁለት ሰከንድ ያህል አየር ነፍቼ ቦንዱን የሚያጠጥረውን መብራት እንደማበራ አስተዋልኩ። የኅዳርን ጠዋት በደብረ ብርሃን ያሳለፈ ሰው ሁኔታውን ያውቀዋል፤ ውርጩ ሣሩን አመድ አስመስሎት ያድራል፣ እኛም ጓንት የምናጠልቀው እጃችንን በትንፋሻችን ካሞቅን በኋላ ነው።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ቦንድ ጥርስን የሚይዝበት ኃይል በፋብሪካው ቀመር ብቻ የሚወሰን አይመስለኝም፤ ያው ጠርሙስ በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት ዓይነት ቦንድ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የእኔም ሙሌቶች የለቀቁት በችኮላዬና ብርዱን ከቁጥር ባለማስገባቴ ይመስለኛል። ስለዚህ እናንተ ቦንዱን ስንት ሰከንድ ታሹታላችሁ፣ ስንት ሰከንድስ አየር ትነፉበታላችሁ፣ የክፍላችሁ ብርድ ወይም ሙቀትስ ቆጠራችሁን ይለውጠዋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

መልሶቹ ብዙ በመሆናቸውና አንዳንዶቹም ወደ ኋላ እየተመለሱ የሚተራረሙ በመሆናቸው፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች ፍሬ ነገራቸውን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መልስ የመጣው በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት የጥርስ ሕክምና ካስተማሩ አንድ አንጋፋ ሐኪም ነው። ሰላምታቸውን በትሕትና ካቀረቡ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። በ1955 እ.ኤ.አ. ቡኦኖኮር የተባለው ተመራማሪ ኢናሜልን (የጥርስን ጠንካራ የላይ ሽፋን) በ85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ነክቶ አክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት መሙያ) የተሻለ እንደሚይዝ ባሳየ ጊዜ፣ ግኝቱ ራሱ አዲስ ማጣበቂያ ሳይሆን አዲስ የአዘገጃጀት ስልት እንደነበር አስታወሱን። ዛሬ የምንጠቀምበት አሲድ ከ35 እስከ 37 በመቶ ወርዷል፤ ኢናሜል ላይ እስከ 30 ሰከንድ፣ ዴንቲን (ከኢናሜል ሥር ያለው የጥርስ ክፍል) ላይ ግን ከ15 ሰከንድ ሳይበልጥ እንዲቆይ ይደረጋል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለቱ አካላት ባሕርይ ነው አሉ። ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶ ገደማ ማዕድን ስለሆነ ደረቅና የታመነ መሬት ነው። ዴንቲን ግን 70 በመቶ ገደማው ብቻ ማዕድን ሆኖ፣ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ክርና ውሃ ነው። አሲዱ ማዕድኑን ሲያሟሟ የኮላጅኑ ክሮች ራቁታቸውን ይቀራሉ፤ ቦንዱም በክሮቹ መካከል ሰርጎ መጠንከር አለበት። ናካባያሺ በ1982 እ.ኤ.አ. ድብልቅ ንብርብር ብሎ የገለጸው ይህንኑ ነው። አንጋፋው ሐኪም እንደሚሉት ስለ አቀባብ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ የሚያጠነጥነው ቦንዱ ወደዚያ ጥልፍልፍ ሙሉ በሙሉ ገብቷል ወይ፣ በቦንዱ ውስጥ ያለው የሚተነው አሟሚ ፈሳሽስ ከዚያ ወጥቷል ወይ በሚለው ላይ ነው። ለእኔ ጥያቄ የሰጡት ቁጥር ለማሸት ቢያንስ 20 ሰከንድ፣ ለአየር ደግሞ ቢያንስ 5 ሰከንድ ሲሆን፣ ከሁሉም በፊት የአምራቹ መመሪያ ይነበብ ብለዋል።

2ኛ መልስ

ከሸዋ ሮቢት የጻፉት ባልደረባ የእርሳቸው ችግር የእኔ ተቃራኒ መሆኑን ገለጹ። በዚያ ቆላ፣ በተለይ በሚያዝያና በግንቦት፣ ረዳታቸው ቦንዱን በትንሿ ሳህን ላይ ጠብ አድርጋ ታማሚው አፉን እስኪከፍት ድረስ ጠብታው ወፍሮ እንደ ማር ይሆናል። የሚጠቀሙበት ቦንድ አሟሚ ፈሳሹ አሴቶን ነው፤ አሴቶን ደግሞ ገና በ56 ዲግሪ የሚፈላ፣ ክዳኑ ለአፍታ ከተረሳም ከጠርሙሱ የሚያመልጥ ፈሳሽ ነው። አሟሚው የሸሸው ቦንድ ወፍራም ስለሆነ ወደ ዴንቲን አይሰርግም፣ ከላይ ብቻ ይንጣለላል። ስለዚህ ጠብታውን የሚያስወጡት ጥርሱ ታጥቦ ከተዘጋጀ በኋላ መሆኑን፣ የሳህኑንም ክዳን ከብርሃንም ከትነትም እንዲጠብቅ እንደማያነሡ ነገሩን።

በአንድ ዞን ውስጥ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ ቁልቁል በመውረድ ብቻ፣ ያው ቦንድ በአንዱ ቦታ አልደርቅ ብሎ በሌላው ደግሞ ሳይቀባ መድረቁ እኔን በጣም አስደንቆኛል።

3ኛ መልስ

ከመሐል ሜዳ የጻፉት የጥርስ ሕክምና ባለሙያ እህታችን፣ በሚሠሩበት ጤና ጣቢያ የአየር መርጫ እንደሌለና አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት በግላስ አዮኖመር (ዱቄትና ፈሳሽ ተደባልቆ በሚሠራ መሙያ) መሆኑን ገልጸው፣ ይህ ውይይት እርሳቸውን ይመለከት እንደሆነ ጠየቁ። የመንዝን ብርድ የቀመሰ ሰው የደብረ ብርሃንን ብርድ ብርድ ብሎ ማማረር የለበትም የሚል የወዳጅነት ቃልም ጨመሩ።

4ኛ መልስ

አንጋፋው ሐኪም ተመልሰው ይመለከታቸዋል አሏቸው። ግላስ አዮኖመር ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በኬሚካል ስለሚተሳሰር ቦንድ አያሻውም፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው በእጅ መሣሪያ ብቻ የበሰበሰውን ፍቆ የመሙላት ዘዴም በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ የእርሱም አያያዝ በእጅ ይወሰናል፤ ጥርሱ በፖሊአክሪሊክ አሲድ ካልተጠረገ፣ ዱቄቱና ፈሳሹ በልኩ ካልተመጠነ፣ ማብረቅረቁ ሳይጠፋ ካልተሞላ አይይዝም። ብርዱም ቢሆን የሚጠጥርበትን ጊዜ እንደሚያራዝም፣ ስለዚህ በመንዝ ጠዋት ታማሚው ከመንከሱ በፊት ትንሽ መታገሥ እንደሚገባ መከሩ።

5ኛ መልስ

ይህ መልስ እኔን ያረመኝ ነው፤ ቃሉ ጠንከር ያለ ቢሆንም ተቀብዬዋለሁ። ጸሐፊው በሙሌት ጥገና ብዙ የሠሩ ይመስላሉ። ልሙጥ ጀርባ ማየቴ ቦንዱ እንዳልያዘ ቢያሳይም ለምን እንዳልያዘ ግን አይናገርም ሲሉ ጀመሩ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች አንገቱ የተሸረሸረ ጥርስ ዴንቲኑ ለዓመታት ተጋልጦ የጠጠረ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በማዕድን ተደፍነው ገጹ እንደ ብርጭቆ ያብረቀርቃል፣ አሲዱም ሆነ ቦንዱ በቀላሉ አይገባውም። እንዲህ ያለውን ገጽ በመቦርቦሪያው በስሱ ሳያሻክሩ ቦንድ መቀባት፣ ጊዜው ምንም ያህል ቢቆጠር፣ በታጠበ ብርጭቆ ላይ ወረቀት እንደማጣበቅ ነው አሉ። ቀጥሎም ሁሉን ነገር በብርድ ማሳበብ ራስን ለማዳን የሚመች ሰበብ ነው የሚል ቃል ጣሉ።

ያ ቃል አልጣፈጠኝም፤ ምክንያቱም ጽሑፌን የጀመርኩት የራሴን እጅ በመክሰስ ነበር። የጠጠረውን ዴንቲን ግን በእውነት ዘንግቼዋለሁ። የእኚያ እናት ጥርስ ከመሞላቱ በፊት ያብረቀርቅ እንደነበር አሁን ትዝ ይለኛል።

6ኛ መልስ

ከደብረ ሲና የጻፉት ወጣት ሐኪም ስለ ማሸት ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ፤ ከውይይቱ ሁሉ ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቦንዱን ቀብቶ ዝም ብሎ መጠበቅና እያሹ መቀባት አንድ እንዳልሆኑ ሲያስረዱ፣ የራሱን አሲድ በውስጡ የያዘ ቦንድ ጥርሱን እንደነካ አሲዱ ከማዕድኑ ጋር ተጋጥሞ መድከም እንደሚጀምር ገለጹ። የማይክሮብራሹ ጫፍ ሲያሽ የደከመውን ፈሳሽ እየገፋ ትኩሱን ወደ ገጹ ያደርሳል፤ መቦርቦሪያው ትቶት የሄደውን የፍቅፋቂ ድቃቂ ያነሣል፤ ፈሳሹም ወደ ውስጥ ሲሰርግ በቦንዱ ያሉት ውሃና አልኮል ወደ ላይ የመውጫ መንገድ ያገኛሉ። 10-ኤምዲፒ የተባለው ሞኖመር (የቦንዱ መገንቢያ ሞለኪውል) ካለበት ደግሞ ከካልሲየሙ ጋር በኬሚካል ለመተሳሰር ጊዜና ንክኪ ይፈልጋል፤ ሁለቱንም የሚሰጠው ማሸቱ ነው። በቤተ ሙከራ በተደጋጋሚ እንደታየውም በዴንቲን ላይ እየታሸ የተቀባ ቦንድ ዝም ብሎ ከተቀባው የተሻለ ይይዛል።

ወጣቱ ሐኪም ነገሩን ያስረዱበት ምሳሌ ከቤታችን የተወሰደ ነው። እናቶቻችን እንጀራ ከመጋገራቸው በፊት ምጣዱን በጎመን ዘር ሲያስሱ ዘሩን በትነው አይተዉትም፤ ምጣዱ እስኪጠጣው ድረስ በጨርቅ ያሹታል፣ ያልታሸበት ቦታ ላይ እንጀራው ይያዛልና። በምጣዱ የሚፈለገው እንዳይጣበቅ፣ በጥርሱ የሚፈለገው እንዲጣበቅ ቢሆንም፣ ቀጭን ፈሳሽ ወደ ገጹ የሚገባው በእጅ ግፊትና በትዕግሥት መሆኑ በሁለቱም አንድ ነው። ጠንክሮ መጫንም አያስፈልግም፤ የማይክሮብራሹ ጸጉር ትንሽ እስኪታጠፍ ድረስ ብቻ በቂ ነው ብለዋል።

እኚሁ ሐኪም ጠዋትና ቀትር ላይ ያደረጉትን ሙከራ ጨምረው ተረኩ። አንድ ጠብታ ቦንድ በመስታወት ላይ አሳርፈው አየር ሲነፉበት፣ ቀትር ላይ ፈሳሹ ፈጥኖ መርገብገቡን ሲያቆም፣ ጠዋት ግን አምስት ከቆጠሩ በኋላም እንደ ዘይት እየተንሸራተተ ነበር።

7ኛ መልስ

አጭር ማሳሰቢያ ነበር። በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ያደጉ፣ ጥርሳቸው ከመጠጥ ውሃው ፍሎራይድ የተነሣ የበለዘ ታማሚዎች ሲመጡ፣ ኢናሜላቸው አሲዱን ስለሚቋቋም የተለመደው ጊዜ እንደማይበቃ፣ ላዩን በስሱ ማሻከር ወይም የአሲዱን ጊዜ በእጥፍ ማራዘም እንደሚያስፈልግ አንድ ከአረርቲ የጻፉ ባልደረባ አሳሰቡ።

8ኛና 9ኛ መልስ

ሁለቱ ስለ ኮምፕሬሰር ናቸው። አንደኛው ጸሐፊ ሁላችንም የዘነጋነውን አነሡ፦ ቦንዱን የምናደርቅበት አየር ራሱ ደረቅና ንጹሕ ነው ወይ? በደጋ ሌሊት የኮምፕሬሰሩ በርሜል ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ጠዋት ከሥሩ ካልተፈታ በስተቀር መርጫው አየር መስሎ ጤዛ ይተፋል። የሞተሩም ዘይት አልፎ ከመጣ ቦንዱን ያበላሸዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አየሩን በአፍ መስታወቱ ላይ መንፋትና ነጠብጣብ ወይም ቅባት ካለ ማየት ብቻ ነው። ሁለተኛው ይህንኑ ደግፈው፣ ክሊኒካቸው ማጣሪያውን ለዓመታት ሳይለውጥ እንደቆየና ለውጡ ከመጣ በኋላ በሥራቸው ላይ ያዩትን መሻሻል ተረኩ።

ከዚህ በኋላ ስለ ኮምፕሬሰር ዋጋና ስለ መብራት መቆራረጥ ጥቂት ሰዎች ተነጋገሩ፤ ከጉዳዩ ስለራቀ አልዘግበውም።

10ኛ መልስ

እዚህ ላይ የውይይቱ ድምፅ ተለወጠ። ጸሐፊው የት እንደሚሠሩ አልገለጹም፤ ምሬታቸው ግን ከእውነተኛ ሥራ የመጣ እንደሆነ ያስታውቃል። በቀን የሚያዩት ታማሚ ብዙ ሆኖ፣ አሠሪው በር ላይ ቆሞ ሰዓት እየተመለከተ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱም የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበውን ቦንድ በርካሽ እየገዛ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሐኪሙ እጅ ላይ መጫን ግፍ ነው አሉ። ሃያ ሰከንድ ማሸትን የሚመክሩት መምህራን ረዳት በሌለበት ክፍል፣ ምራቅ እየሞላ፣ ምላስ እየገፋ ሠርተው ያውቃሉ ወይ ብለውም በቁጣ ጠየቁ።

11ኛ መልስ

የደብረ ሲናው ሐኪም በዚያው ቋንቋ መለሱ። ሃያ ሰከንድ ማሸት፣ አምስት ወይም ዐሥር ሰከንድ አየር፣ ዐሥር ወይም ሃያ ሰከንድ ብርሃን ሲደመር ሃምሳ ሰከንድ ቢሆን ነው፤ የለቀቀን ሙሌት አውጥቶ እንደገና መሥራት ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለታማሚው አንድ ደቂቃ የሚነፍግ ክሊኒክ ካለ ሐኪሙ መናገር አለበት እንጂ ዝምታውን በሥልት ማነስ መሸፈን የለበትም አሉ።

የ10ኛውን ጸሐፊ ጫና በዓይኔ ስለማውቀው፣ ይህ መልስ በይዘቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ያለ ርኅራኄ የተጻፈ መሰለኝ። ረዳት የሌለው ሐኪም ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው፤ ማይክሮብራሹን ይዞ ምራቁንም ሊመጥ አይችልም። ስለዚህ የአሠራር ስልት ስንል የክፍሉን አደረጃጀትም ማለታችን መሆን አለበት።

12ኛና 13ኛ መልስ

አንድ የፊዚክስ መምህር ነኝ ያሉ ተሳታፊ የእኔን ብርድ ተቃወሙ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃ እንኳ እዚህ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንግዲያው አልኮሉ በፍጥነት መትነን እንጂ መዘግየት አልነበረበትም አሉ። ክርክሩ ልክ ስለመሰለኝ ለጊዜው መልስ አጣሁ።

የመለሱላቸው አንጋፋው ሐኪም ናቸው። ስስ አየር ትነትን በተወሰነ ደረጃ እንደሚያግዝ አምነው፣ ሙቀቱ ግን ከዚያ በላይ እንደሚወስን በቁጥር አሳዩ። ሙቀቱ ከ20 ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የአልኮልም የውሃም የእንፋሎት ግፊት ወደ ግማሽ ያህል ዝቅ ይላል፤ ከፍታው የሚሰጠው ጥቅም ይህን ጉዳት አይክሰውም። በተጨማሪም የቀዘቀዘ ቦንድ ስለሚወፍር በዝግታ ይሰርጋል። ነገር ግን ለእኔም ማስተካከያ ነበራቸው፤ ጥርስ መስታወት አይደለም፣ በአፍ ውስጥ ሞቅ ብሎ ስለሚቆይ የተቀባውን ስስ ንብርብር ፈጥኖ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ የ6ኛው መልስ የመስታወት ሙከራ ብርዱን አጋንኖ ያሳያል። የሚቀረው ብርድ ከጠርሙሱና ከሚነፋው አየር የሚመጣው ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው አሉ፤ ጠርሙሱ ከማቀዝቀዣ ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፣ ክፍሉም ይሞቅ፣ አየሩ የሚነፋውም በቆጠራ ሳይሆን በዓይን እየታየ ይሁን፤ የፈሳሹ ገጽ መርገብገቡን እስኪያቆም ድረስ።

መምህሩም አመስግነው ተቀበሉ። በውይይቱ ውስጥ ከታዩት ክርክሮች ሁሉ ይህኛው በጨዋነት የተቋጨ ነበር።

14ኛ መልስ

ከአዲስ አበባ የጻፉ ሌላ ሐኪም፣ ማድረቅ የሚለው ቃል ራሱ እያደናገረን መሆኑን አመለከቱ። አሲዱ ታጥቦ ከተወገደ በኋላ ጥርሱን ማድረቅ አንድ ነገር ነው፤ ቦንዱ ከተቀባ በኋላ አሟሚውን ማባረር ሌላ ነገር ነው፤ ጀማሪ ሐኪሞች ሁለቱን ገልብጠው ይሠሩታል። ራቁቱን የቀረው ኮላጅን በውሃ ተንሳፍፎ የቆመ ነው፤ በብርቱ አየር ከደረቀ እንደ ታጠበ የሱፍ ልብስ እርስ በርሱ ይያያዝና ቦንዱ የሚገባበት ክፍተት ይዘጋል። የእርጥብ ቅባት ዘዴ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዴንቲኑ ታጥቦ ሲያበቃ ጠል የነካው መስሎ መታየት አለበት እንጂ ኩሬ መያዝም መንጣትም የለበትም፤ በስሕተት ከደረቀም በእርጥብ ማይክሮብራሽ ዳግም ይርጠብ። አሴቶን ያለበት ቦንድ እርጥበት አብዝቶ ይፈልጋል፤ አልኮልና ውሃ ያለበት ትንሽ ደረቅ ብሎም ይታገሣል።

ቦንዱ ከተቀባ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀረ ውሃና አልኮል ሁሉ ሬዚኑ (የቦንዱ የሚጠጥረው ሙጫ) በደንብ እንዳይጠጥር ያደርጋል፤ ከጊዜ በኋላም ምራቅ በዚያው በኩል እየሰረገ መያዣውን ከውስጥ ይበላዋል። መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በርከት አድርጎ መንፋት፣ ፈሳሹም ከጎድጓዳው ጥግ እንዳይጠራቀም መጠንቀቅ ይገባል። እኔ ለዓመታት ጥርሱን አብዝቼ ቦንዱን አሳንሼ ሳደርቅ መኖሬን የተረዳሁት ይህን ሳነብ ነው።

15ኛ መልስ

የሸዋ ሮቢቱ ባልደረባ ስለ ብርሃኑ ጻፉ። ጫፉ ላይ ሬዚን የተጋገረበት፣ ባትሪው የደከመ መብራት በዓይን ሲታይ ሰማያዊ ስለሆነ ብቻ ይሠራል ብለን እንደምንታለል፣ ሆኖም ኃይሉ በመለኪያ መፈተሽ እንዳለበት፣ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከ400 ሚሊዋት በታች ከወረደም ሊታመን እንደማይገባ አሳሰቡ። ጫፉ ከጥርሱ በራቀ መጠን የሚደርሰው ብርሃን ስለሚቀንስ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ጊዜውን ማራዘም ይሻላል ብለዋል።

16ኛ መልስ

የ5ኛው መልስ ጸሐፊ እንደገና ብቅ አሉ። ሁላችንም ስለ ሰከንድ ስንቆጥር ምራቅን ረስተናል አሉ። ከድድ አጠገብ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ደም ወይም ምራቅ ከነካው የተቀባው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ራበር ዳም (ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ የላስቲክ ሽፋን) ማድረግ የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ከድዱ ሥር የሚገባው የድድ ክርና ጥጥ በወቅቱ መለወጥ አለበት። ቦንዱ ሳይጠጥር ምራቅ ከነካው ማጠብ፣ ማድረቅና ቅባቱን ከመጀመሪያው መድገም እንጂ ማበስ ብቻ አይበቃም። ቀድሞ በዩጂኖል (ከቅርንፉድ ዘይት በሚገኝ ንጥረ ነገር) የተሠራ ጊዜያዊ ሙሌት ካለ ቅሪቱ የሬዚኑን መጠጠር ስለሚያውክ በደንብ መጽዳት አለበት። ስለ ብርድ ሰበብ የተናገሩትንም እኔን ለመንካት እንዳልነበረ አብራርተው ይቅርታ ጠየቁ፤ እኔም በደስታ ተቀብያለሁ።

17ኛ መልስ

ይህኛው የራሴ ነው። እኚያን እናት በዚያው ሳምንት ጠርቼ ጥርሳቸውን እንደገና ሠራሁ፤ ገንዘብም አልተቀበልኩም። ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣ ያወጣሁት ከሥራ ሰዓት በፊት ነው፤ የኮምፕሬሰሩን በርሜል ፈታሁ፣ ሥሩ ላይ የተጠራቀመው ውሃም አስደነገጠኝ። የሚያብረቀርቀውን ዴንቲን በስሱ አሻከርኩ፣ ኢናሜሉን ብቻ ለይቼ በአሲድ ነካሁ፣ ክሩን ከድዱ ሥር አስገባሁ። ከዚያ ረዳቴ ጮክ ብላ እስከ ሃያ ስትቆጥር አሸሁ፤ በእርግጥም ሃያ ሰከንድ ከምናስበው በላይ ረጅም ነው፤ በእኔ የቀድሞ ልማድ ስድስት ወይም ሰባት ላይ አቁሜ ነበር። አየሩን ስነፋ ፈሳሹ ወደ ጥግ እየሸሸ ተርገበገበ፣ ቀስ በቀስም ረጋ፤ ያን ረግቶ የማየት ጊዜ ከሁለት ሰከንድ እጅግ የራቀ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ለውጦች የትኛው ይበልጥ እንደጠቀመ ከአንድ ጥርስ መናገር እንደማይቻል አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ ለእያንዳንዱ የአንገት ሙሌት የጥርሱን ገጽታ፣ የክፍሉን ሙቀት፣ የታሸበትንና አየር የተነፋበትን ጊዜ በመዝገብ እየጻፍኩ ነው። የ10ኛው መልስ ጸሐፊ ፈቃደኛ ከሆኑ መዝገቡን በእርሳቸው ክፍል እንዲሞክሩት እልክላቸዋለሁ አልኩ።

18ኛ መልስ

የ10ኛው ጸሐፊ ረጋ ብለው መለሱ። መዝገቡን እንደሚቀበሉ፣ ነገር ግን ረዳት የሚቆጥርላቸው እንደሌለ፣ ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሰከንድ ዘንግ ያለው ትልቅ ሰዓት ከታማሚው ራስ ትይዩ መስቀላቸውን ነገሩን። ያን ሰዓት አሠሪያቸውም እንደሚያየው አክለዋል።

19ኛ መልስ

የመሐል ሜዳዋ ባለሙያ አዲስ ጥያቄ ይዘው ተመለሱ። ጤና ጣቢያቸው በቅርቡ በባትሪ የሚሠራ መብራትና ቦንድ ሊያገኝ ነው፤ ኮምፕሬሰር ግን አይኖርም። ታዲያ አሟሚውን በምን ያባርሩ? አንጋፋው ሐኪም በአፍ መንፋት በጭራሽ እንዳይሞከር፣ ትንፋሽ እርጥብ ስለሆነ ቦንዱን እንደሚያረጥበው አስጠንቅቀው፣ ደረቅና ንጹሕ በሆነች የላስቲክ የአየር መንፊያ ኳስ በቀስታ ደጋግሞ መንፋት፣ ትርፉን ፈሳሽ በደረቅ ማይክሮብራሽ መምጠጥ፣ ጊዜውንም ማራዘም ከምንም እንደሚሻል ጻፉ። አየሩ እስኪመጣ ድረስ ግን በግላስ አዮኖመሩ ቢጸኑ የሚመርጡ መሆናቸውን ደመደሙ። እህታችንም ኳሷን ከየት እንደሚገዙ ጠየቁ፤ ከደብረ ብርሃን እኔ እንደምልክላቸው ጽፌላቸዋለሁ።